በ«በሞቴ» ስለተከበበ የአንድ ሚዜ ጨጓራ

ለተከበሩ አያ ይሄነው፣
የሙሽራው የዓለምነው አጎትና የሠርጉ ዳስ አሳላፊዎች አለቃ፣
እንጅባራ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንደ ድምፅዎ፣ ዕድሜዎ እንደ ጭልፋዎ እጀታ ይርዘምልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምለጥፈው ከባድ ዜና ለማሰማት ስለሆነ፣ የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁም ጠላችሁን አስቀምጡ። ከእሑድ ጀምሮ አንድ የሚዜ ጨጓራ ከኋላ በሸራ፣ ከፊት በጠረጴዛ፣ ከግራና ከቀኝ በወፋፍራም ሚዜዎች ተከቦ እጁን ሊሰጥ ተቃርቧል። ጨጓራው የእኔ ነው። በጽሑፍ ያደረግሁትም ፊት ለፊት ልነግርዎ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «በሞቴ» ብለው ስለሚያጎርሱበት ነው።

እንደሚያውቁት ቃር አለብኝ። ጋደም ስል ከደረቴ እስከ ጉሮሮዬ እሳት ይወጣል። ሲስተር ምሥራቅ በጤና ጣቢያው በርበሬ፣ ቅባት፣ ጠላና አረቄ ከልክለው፣ ትንሽ ትንሽ ብላ፣ በልተህም ቶሎ አትተኛ፣ እምቢ ካልክ ጉሮሮህ ይቆስላል ብለውኛል። ይህንንም በሠርጉ ዋዜማ በጆሮዎ ሹክ ብዬዎታለሁ። ስለዋሉልኝ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ምስጢሬን ስለጠበቁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። በማይክራፎን «ይኼ ልጅ ቃር ይዞታልና በደንብ አብሉት» ሲሉ ያልሰማ ቢኖር ምናልባት ከከተማ ወጥቶ ጥርባ በምትባለው መንደር ከብት የሚጠብቅ ሰው ነው፤ እሱም ንፋሱ በዚያ በኩል ካልነፈሰ ነው።

፪. በዚያች ማስታወቂያ ዳሱ በሐኪም ስለተሞላልኝ አመሰግናለሁ። እትዬ ማናለብሽ ፌጦ በጥብጠው «አፈር ስሆን፣ ይኼ ነው የሚያባርረው» አሉኝ፤ ቃሩስ አልሄደም፣ የሄደው እንባዬ ነው። አያ አወቀ ደግሞ እሳት የሚጠፋው በእሳት ነው ብለው አረቄ ቀዱልኝ። አንዲት ደግ ሴት ተልባ ይዘውልኝ መጥተው ተስፋ ማድረግ ስጀምር፣ ባዶ ሆድ እንዳይዘው ብለው ጥብስ አስከተሉበት።

፫. «በሞቴ»ን በተመለከተ፦ በእርስዎ ሞት የጎረስኩት በባለቤትዎ ሞት ከጎረስኩት ጋር ሲደመር፣ በቤታችሁ እስካሁን ሰው መትረፉ ተአምር ነው። እምቢ ስል ገዳይ፣ እሺ ስል ሟች ሆኛለሁ።

፬. ይህ አራተኛው ግን ቀልድ የለበትም። ነገ መልሱ ዳንግላ፣ በሙሽራዪቱ በእንቁ አባት ቤት ነው። እዚያ ሚዜ አልበላም ካለ «ማዕዳችንን ናቁት» ይባላል፤ እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ ቂሙ ለዓለምነው ይቀራል፣ ያውም ገና በጫጉላው። ከበላሁም እንደ ትናንቱ ትራስ በትራስ ደርቤ፣ እንደ ዶሮ ተቀምጬ ላነጋ ነው። አንደኛው የወዳጄን ትዳር፣ ሌላኛው የእኔን ደረት የሚያቃጥል ስለሆነ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ጭንቅላቴ መምረጥ አቅቶታል።

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው፣ ማዕዱ ሳይቀርብ የእንቁን አባት ለብቻ ጠርተው፣ ያለ ማይክራፎን፣ ልጁ በሐኪም ትእዛዝ ነው እንዲሉልኝ ነው። ፊቴም በርበሬ ያልነካው ቅቅል ድንች ይቀመጥ። አገራችን በየቀኑ በጭነት መኪና ድንች እያስጫነች ለሰው አገር ስትልክ፣ ለአንድ ልጇ ጨጓራ የሚሆን አታጣም።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ይህን ያህል አያስጮህም፤ መከበቡንም ትንሽ አግንኜዋለሁ። ጠቅላላ ጉዳዩ አንድ ሳህን ድንችና በበሩ አጠገብ ያለች ወንበር ናት።

ጭልፋዎን በሩቁ የማከብር፣ ጉርሻዎን በቅርቡ የምፈራ፣ ተቀምጦ መተኛት የለመድኩ ትሑት ልጅዎ፣
መሳፍንት፣ በሸራው በኩል የተጣበቀው ሚዜ።

ልረሳው ነበር፦ ትናንት «ለአንድ ለማውቀው ሰው» ብለው ከምትታኘከው የቃር ክኒኔ ግማሹን ወስደውብኛል። ዛሬ ጠዋት ከዳሱ ኋላ ደረትዎን ይዘው ነጭ ነገር ሲያኝኩ ስላየሁዎ፣ ለዚያ ለሚያውቁት ሰው ምሕረት ይውረድለት። ሐሙስ ከሲስተር ምሥራቅ ዘንድ ወረፋ ይዤለታለሁ፤ እስከዚያው የነገው ድንች ለሁለት ሰው ይሁን።