ለማንጎው በቆፈርነው ጉድጓድ

ይድረስ ለልጄ ለነፊሳ፣ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም የኔ እናት። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ከሽሽት ተመልሰን መርሳ ገብተናል። አባትሽ ደህና ናቸው፤ ላሟን ግን አላገኘናትም።

«አዲሱ ቤት ሳይጀመር ስለ ግቢው አስቡበት» ብለሽን ስለነበር፣ ጦርነቱ ሳይደርስብን የቤቱን ቦታ በችካል ለክተን፣ ከፊት ለፊቱ ለማንጎና ለዘይቱን ችግኝ ጉድጓድ ቆፍረን ነበር። ተመልሰን ስናይ በጉድጓዶቹ ቦታ ሁለት የአፈር ክምር አገኘን።

ጎረቤታችንን ዓቢዳን «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ከውርጌሳ ሲሸሹ ጥይት ያገኛቸው እህትማማቾች ናቸው። ተኩሱ እስከ መቃብሩ አላስኬድ ቢለን የእናንተን ጉድጓድ አስፍተን አሳረፍናቸው። ሳላስፈቅድሽ ነውና አውፍ በይኝ» አለችኝ።

«የማን ልጆች ናቸው?»

«ሳይነግሩን አለፉ። ታናሺቱ ነፊሳን ታክላለች።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ አባትሽ ናቸው ደግፈው ወደ አሮጌው ቤት ያስገቡኝ። ማታ ማታ ስምሽን ስጠራ አድራለሁ አሉ።

አባትሽ «ሟች አይነካም፤ ቤቱን ወደ ኋላ እንግፋው» ይላሉ። ሳሎኑ ይጠባል፤ አበባ ልንተክልበት ያሰብነው ቦታም ይቀራል። ቅር እንዳይልሽ ልጄ።

አላህ በሰላም ለዓይኔ ያብቃሽ። አንድ ነገር ብቻ እሺ በይኝ፤ በዚያ በኩል አጥር አንጠር። እናታቸው ፈልጋ የመጣች ቀን፣ ልጆቿ ዘንድ ለመግባት ማንንም አታስፈቅድ።

እናትሽ ዘምዘም