ለባሕር ኃይሉ የሕግ አለቃ ሽማግሌ የላክንበት ሳምንት

ማክሰኞ

ሰውዬው ዳኛ አይደለም። ከሳሽም አይደለም። ጠበቃም አይደለም። ታዲያ ምንድነው አልኳት።

ሌተናንት ሳምራዊት ትባላለች። ወንድሜን ሰይድን ወክላ እንድትከራከር የተመደበች የባሕር ኃይል ጠበቃ ናት። ዛሬ እኔንና አባን መገናኛ አንድ ጁስ ቤት አስቀምጣ እንደ ተማሪ አስረዳችን። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ እንዲህ ጸጥ ብዬ ተምሬ አላውቅም።

«የባሕር ኃይሉ የሕግ አለቃ ናቸው። ዩኒፎርም ከለበስን ሕግ አዋቂዎች ሁሉ በላይ እሳቸው ናቸው። ከሳሹም በሥራቸው ነው፣ እኔም በሥራቸው ነኝ። ለአዛዡ ሕጉ እንዲህ ይላል ብለው የሚያማክሩት እሳቸው ናቸው። ፋይል ሲመጣ ፍርድ ቤት ይሂድ ወይስ እዚያው ክፍሉ ይቅጣው የሚሉትም እሳቸው።»

«እንዴ! አጥቂውም በረኛውም የእሱ፣ ግን ዳኛው እሱ አይደለም?»

ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። አባ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ባሕር ሳይኖረን ባሕር ኃይል፣ በዚያ ላይ የሕግ አለቃ ልል ነበር፤ ክርኑን አየሁና ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማ ስትሞት ለሰይድ ፈቃድ ተሰጠው። አጭር ፈቃድ። እሱ ግን አርባዋ ሳይወጣ አልሄድም አለ፣ ስልኩን አጠፋ፣ ቀረ። አርባዋ በወጣ ማግስት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ራሱ ወደ ካምፕ ተመለሰ። በሩ ላይ ያዙት። አሁን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ኮብልሏል ወይስ ያለ ፈቃድ ቀርቷል? ከቀረ ተቀጥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከኮበለለ ዓመታት እስር ነው።

ሳምራዊት ስትነሳ፣ «ሰኞ ይወስናሉ። እስከዚያ ምንም አታድርጉ» አለች። በር ላይ ደርሳ ደግሞ ዞረች። «ምንም።»

ረቡዕ

ሰይድ እሁድ እሁድ ስልክ ይፈቀድለታል። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ መጀመሪያ የሚለው «ሐዩ፣ ዛሬ ማንን ሸወድሽ?» ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ እሠራለታለሁ።

ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር። የስልክ ከቨር የምሸጥበት ቦታ ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ሳንቲም በማጣበቂያ ለጥፌ ነበር። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለ። ቢጎትት ቢጎትት እምቢ። «ወንድም፣ ሥር አለው እኮ!» አልኩት። ከሰዓት ደግሞ «ደንብ መጣ!» ብዬ ጮህኩ፤ ደንብ አስከባሪ የመጣ መስሎት መንገዱ ላይ የዘረጋው ሁሉ ዕቃውን ጠቅልሎ ላጥ አለ። ካልሲ ሻጯ ዘቢባ እንደ ተመለሰች በካልሲ ደበደበችኝ።

ይቺን ለእሁድ አስቀመጥኩ።

ማታ ቤት ስገባ ሁለት ጥንድ የሽማግሌ ጫማ በር ላይ። የታችኛው ፎቅ ሐጂ ይማምና የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለቱ አብረው ከመጡ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሽምግልና ነው።

ጋሽ ታደሰ፣ «ልጅ ታስሮ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ልጁን መጣል ነው። ሰው ቤቱ ድረስ ይኬዳል፣ ይቅርታ ይጠየቃል» አሉ።

«ምንም አታድርጉ ብላለች እኮ» አልኩ።

«ማን?»

«ጠበቃዋ።»

«እሷማ ልጅ ናት» አሉ ሐጂ። ሌተናንቷን ነው።

አባ መሬት መሬት ያያል። እማ ከሞተች ወዲህ ሰው አብሬህ ልሂድ ሲለው እምቢ ማለት አይችልም። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። የአለቃውን ቤት የማውቀው እኔ ነኛ! ዘበኛው ፋንታሁን ኢርፎን የሚገዛው ከእኔ ነው፤ በጌታው ሲኩራራ ሙድ እየያዝኩበት ነው ስንት ጊዜ የከረምኩት።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሄድን። ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ ኮብል የተነጠፈበት መንገድ። እኔ ደረቱ በሜዳሊያ የተሞላ ሰው ጠብቄ ነበር። በቱታና በነጠላ ጫማ፣ የውሃ ጎማ ይዞ ወጣ።

ሰላምታ እንኳን ሳይጨርሱ ጋሽ ታደሰ ከመንገዱ የላላ ኮብል ነቅለው ማጅራታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሐጂም ጎንበስ። አባም ጎንበስ። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ሳቄ ይምጣ ልቅሶዬ ይምጣ አላወቅሁም።

ሰውዬው ጎማውን ጣለው። «በፈጣሪ! አባቶቼ፣ ተነሱ!» ድንጋዩን በሁለት እጁ ከጋሽ ታደሰ አንገት ላይ አነሳ። «የማን ጉዳይ ነው?»

«የሰይድ» አለ አባ። «የእናቱን አርባ ሊያወጣ ቀርቶ...»

ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። ድንጋዩን እንዳቀፈ። ውሃው እግሩ ሥር ይፈስሳል፣ ነጠላ ጫማው ይዋኛል። ባሕር ኃይል ማለት ይኼ ነው ልል ነበር። አልወጣልኝም።

«ምነው እስከ ሰኞ ብትታገሡኝ» አለ፤ ድምፁ ቁጣ የለበትም። «እዚህ ድረስ መጥታችሁ በድንጋይ ከለመናችሁኝ በኋላ ያልኩትን ብል፣ ሕጉ ነው የሚል የለም። ሽማግሌ ነው የፈታው ይባላል። እኔ ከእንግዲህ ይህን ፋይል መንካት አልችልም። መምጣታችሁንም ማሳወቅ አለብኝ። ይቅር በሉኝ።»

ይቅር በሉኝ ያለው እሱ ነው።

ታክሲ ውስጥ ጋሽ ታደሰ ደስ ብሏቸዋል። «እምቢ አላለም እኮ! ደግሞስ ሽማግሌ በአንዴ ይሳካለታል እንዴ? ሦስቴ ነው የሚኬደው። ሰኞ እንመለሳለን!» ሐጂ አሚን አሉ። አባ እንኳን ፈገግ አለ። እኔ ብቻ መስኮቱን አየሁ።

ቅዳሜ

ሳምራዊት ዩኒፎርም ሳትለብስ ሥራ ቦታዬ መጣች። ከቨሮቹን እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል፦

«ምንም አታድርጉ አላልኩም?»

«ብለሻል።»

«ሐሙስ ዕለት አለቃው ቢሮ ጠርተውኝ ነበር። ልጁ በራሱ እግር ተመልሷል፤ የሚሸሽ ሰው ሻንጣ ይዞ አይመለስም፤ ይኼ ኩብለላ አይደለም ብለውኛል። ሰኞ ይህንኑ ለአዛዡ ሊሉ ነበር።» ከቨሩን ወደ ቦታው መለሰች። «አሁን ፋይሉ ምክትላቸው ጋ ሄዷል። እሳቸው እንዲህ ዓይነቱን ሁሉ ፍርድ ቤት ይየው ነው የሚሉት። ክሱ በኩብለላ ይሄዳል።»

«አንቺስ?»

«እከራከራለሁ።» እንደሚሸነፍ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው፤ ከማውቃቸው ዕቃ ሻጮች ሁሉ ሰምቼዋለሁ። «ሽማግሌዎቹ እንዳይመለሱ። አደራ። አሁን ከተመለሱ ምክትሉንም ያስቆጣሉ።»

ፋንታሁን ከሰዓት ብቅ አለ፤ ወሬ መያዝ አይችልም። ከሄድን በኋላ ሰውዬው ድንጋዩን ራሱ ተሸክሞ ወደ መንገዱ ወጣ አለኝ። የተነቀለበትን ጉድጓድ ፈልጎ፣ ተንበርክኮ መለሰው። በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አደረገው። ከዚያ ገባ፤ ራት አልበላም።

ዘቢባ «ዛሬ ደንብ የለም እንዴ? አሞሻል?» አለችኝ።

ማታ ለሐጂ ነገርኳቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «እኛ እኮ ጥሩ ነገር ያደረግን መስሎን ነው፣ ልጄ» አሉ። ጥሩ ነገር ማድረጉ ነው እኮ የገደለን። አባ ሁሉንም ሰምቶ ተነሳ። የእማን ፎቶ አቧራ ጠረገ፤ ፎቶው አቧራ አልነበረበትም።

እሁድ

አባ ስልኩን አላነሳም አለ። «አንቺ አነጋግሪው። አትንገሪው። ጠበቃዋ ትንገረው።»

ሰይድ ድምፁ ሞቅ ብሏል። «ሐዩ! ሰማሽ? ፋይሌን አለቃው ራሳቸው ነው የያዙት። እዚህ ያሉት ሁሉ እድለኛ ነህ እያሉኝ ነው። ሰውዬው ፍትሐዊ ነው ይላሉ።»

«ነው» አልኩ። «ነጠላ ጫማ ያደርጋል።»

«ምን?»

«ምንም። እየቀለድኩ ነው።»

«ስወጣ መጀመሪያ እማ መቃብር ነው የምሄደው። ከዚያ መገናኛ፣ አንቺን ከደንብ ላስመልጥ።» ከኋላው ሰው ጊዜህ አለቀ ይለዋል። «ቆይ፣ ቆይ አንዴ! ዛሬ ማንን ሸወድሽ?»

ሳንቲሙን ልነግረው ነበር። ከረባት ያሰረውን ሰውዬ።

«አንተን» አልኩት።

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ እስኪዘጋ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ሳምራዊት ነገ ትነግረዋለች።