በሞዴል 22 የተወሰዱ መቶ አሥር ቧንቧዎችን ከመሬት ነቅሎ ስለመመለስ

ለክቡር አቶ ዓምደ ሚካኤል
የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንደ ባለቤቴ ፋይል ይጽና፤ ከተቀመጠበት የሚነቀንቀው አይምጣበት። እኛም በፋሲሎ ደህና ነን። እኔማ ሰሞኑን ደስታ በደስታ ሆኛለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። አስቀድሜ ግን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ እናንተ ዘንድ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ቶሎ ይነበባል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እኔ ወይዘሮ ሸዋዬ መልካሙ፣ የመሥሪያ ቤትዎ የውኃ ባለሙያ የአቶ ገድሉ ሀብተ ሥላሴ ባለቤት ነኝ። ይህ ለሕዝብም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ሥራውን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ገድሉ በየወሩ ከፋሲሎ እስከ አንበሳሜ፣ ማዶም ተሻግሮ እስከ ጎርጎራ ወደ ተቆፈሩ አሥራ አንድ ጉድጓዶች በሞተር ብስክሌት ይሄዳል፤ ክዳናቸውን ይከፍታል፤ ውኃ ሲነካ ጢጥ የሚል ሜትር ያወርዳል፤ ውኃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በደብተሩ ጽፎ ቆልፎ ይመለሳል። ከጉድጓዶቹ ማንም አይቀዳም፤ የመሬት ውስጡ ውኃ መጨመር መቀነሱ የሚታወቅባቸው ናቸው። ይህን ሲሠራ ሃያ አራት ዓመቱ ነው።

አንደኛ፤ ስለጣላችሁበት እምነት አመሰግናለሁ። ጉድጓዶቹ ሲቆፈሩ ቆፋሪዎቹ በሙሉ የኮንትራት ሠራተኞች ነበሩ፤ ያለ ቋሚ ሠራተኛ ፊርማ ደግሞ ከግምጃ ቤት ምስማርም አይወጣም። ቋሚው አዲስ ተቀጣሪው ገድሉ ብቻ ስለነበረ መቶ አሥር የብረት ቧንቧ በንብረት ማውጫው ቅጽ በሞዴል 22 ፈርሞ አወጣ። ቧንቧዎቹ በወሩ መሬት ገቡ፤ የጉድጓዶቹ ግድግዳ ሆኑ። መዝጋቢው ግን ከገድሉ ወንበርና ጠረጴዛ ቀጥሎ «ቋሚ ንብረት» ብሎ ጻፋቸው። ወንበሩ ተሰብሮ ተወገደ፣ ጠረጴዛው ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ቧንቧዎቹ ግን ይኸው እስከ ዛሬ በስሙ አሉ።

ሁለተኛ፤ ስለ መልካም መስተንግዷችሁ። ባለፈው ኅዳር ጎንደር ያለ አንድ ኮሌጅ ገድሉን በመምህርነት ሊቀጥረው ፈለገ፤ እስከ የካቲት አንድ ቀን መልቀቂያውን ይዞ ከቀረበ ቦታው የሱ ነው፣ ካልቀረበ ለሌላ ይሰጣል። ጉልበቱ በሞተር ብስክሌት አልቋልና እኔም እሱም እንደ ሙሽራ ተደሰትን። የንብረት ክፍሉ አቶ ደሞዝ ማመልከቻውን ተቀብለው ሻይ ሁሉ ጋበዙት። «ጋሼ ገድሉ፣ እኔ በእርስዎ ላይ ምን ክፋት አለኝ? ቧንቧዎቹን ለግምጃ ቤት ያስረክቡ እንጂ ክሊራንሱን ዛሬውኑ እፈርማለሁ» አሉት። ስልሳ ሜትር መሬት ውስጥ መሆናቸውን ቢያስረዳቸው፣ «የት እንዳሉ ካወቁማ ግማሹ ሥራ አለቀ» ብለው አበረታቱት። እንዲህ ያለ ቅን ሰው ከየት እንዳመጣችሁት ይገርመኛል።

ሦስተኛ፤ ስለ እድገቱ። ገድሉ ስድስት ጊዜ ለእድገት ተወዳድሮ ስድስቱንም ጊዜ «እሱ ከተነሣ ጉድጓዶቹን ማን ይለካል?» ተብሎ ተመልሷል። ይህን ያህል የሚፈለግ ባል ማግባቴን አላውቅም ነበር። በፋሲሎ በኩል ያለው ውኃ በአሥር ዓመት አራት ሜትር መውረዱን የጻፈበትን ሪፖርት ግን ያነበበለት የለም፤ አንድ ስብሰባ ላይ እርስዎ ራስዎ «ጣና አጠገባችን ተኝቶ ስለ ጉድጓድ መጨነቅ ምንድን ነው?» ብለው አዳራሹን በሳቅ እንደሞሉት ነግሮኛል። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ቤት ገብቶ ግን እራቱን አልበላም።

አራተኛው ቁጥር የደስታዬ ነው። ጥምቀት ካለፈ በሦስተኛው ቀን ከባሕር ዳር ወደ አንበሳሜ መውጫው ላይ መንገድ የሚያሰፋ ኤክስካቫተር ከጉድጓዶቹ አንዱን መንግሎ ጣለው። ስልክ ተደውሎልን ሄድን። የላይኞቹ ሁለት ቧንቧዎች ጎብጠው አፈር ላይ ተጋድመዋል። እኔ ጋሪ ጠርቼ ወዲያው አስጫንሁና በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤታችሁ ገሠገሥሁ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ጽጌ ቧንቧዎቹን ዞረው ዞረው አይተው፣ «እናቴ፣ ይህ እኮ ሲወጣ ቀጥ ያለ ነበር» አሉኝ፤ «እህቴ፣ ባለቤቴም ሲቀጠር ቀጥ ያለ ነበር» አልኋቸው። ሳቁና በገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ተቀበሉኝ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ከዚህ መሥሪያ ቤት የወጣልን መልካም ወረቀት ይህ ነው። ሁለት ገባ፣ መቶ ስምንት ይቀራል።

ወረቀቱን ላሳየው እየሮጥሁ ስመለስ ገድሉን እዚያው መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ሜትሩን ወደ ፈራረሰው ጉድጓድ ለማውረድ ሞክሮ አልወርድ ብሎታል። ደብተሩን አውጥቶ በጥር ወር ቦታ ላይ ከቁጥር ፋንታ «ተነቅላለች» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ አየና አጥፎ መለሰልኝ። «ሸዋዬ፣ ለመሄድ አሥሩንም እንዲህ ማድረግ አለብኝ ማለት ነው?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ሲቀመጥ የሚያነብለት የለም፤ ሲሄድ ደግሞ የሠራውን በእጁ ማፍረስ አለበት። እንዲህ ያለ እስር ቤት ያለ ግንብና ያለ ዘበኛ መሥራት ታላቅ ጥበብ ነውና ላደንቃችሁ እወዳለሁ።

የምለምነው አንድ መስመር ነው። ቧንቧዎቹ «በሥራ ላይ ያሉ የጉድጓድ አካላት» ተብለው ወደ መሥሪያ ቤቱ ስም ይዙሩና እርስዎ ከሥር ይፈርሙ። የሚተካውም ሰው ይመደብ፤ ገድሉ ደብተሮቹን በሙሉ አስረክቦ፣ የእያንዳንዷን ጉድጓድ ጠባይ አስረድቶ ይሄዳል። የካቲት አንድ ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ፊርማው ከዘገየ ግን የአቶ ደሞዝን ምክር እንከተላለን፤ በቀን አንድ ጉድጓድ ከነቀልን ይደርስልናል። ባለቤቴ እጁ እምቢ ስለሚለው የማስነቅለው እኔ ነኝ።

ወንበርዎን የሚያጸናልዎትን፣ እስክሪብቶዎንም ቀለም የሚሞላልዎትን ዘወትር የምትለምን፣ የመቶ ስምንት ቧንቧዎች ባለዕዳ ሚስት፣
ሸዋዬ መልካሙ
ከፋሲሎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሥራ አንደኛዋ ጉድጓድ በራስዎ መሥሪያ ቤት ቅጥር ግቢ ናት፤ መኪናዎን የሚያቆሙበት ዛፍ ሥር ያለችው ክብ የብረት ክዳን። ገድሉ «ኃላፊውን መኪናዎን ያንሡልኝ ብዬ አላስቸግርም» እያለ መኪናዎን እዚያ ማቆም ከጀመሩ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ እሑድ ቀን እየመጣ ነው የለካት። እኔ እንደሱ ይሉኝታ የለኝምና መንቀሉን የምጀምረው በእሷ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ቆፋሪዎቹን ይዤ ስመጣ መኪናዎን ትንሽ ፈቀቅ ቢያደርጉልኝ ውለታዎን አልረሳም።