ጥይቶቹ ቦታ አገኙ

ልጄ፣ እግርህን ከእንቅፋት፣ ስምህን ከክፉ አፍ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን።

ባለፈው የእህትህ ልጅ ከአባትህ ካፖርት ኪስ የአደን ጥይት አውጥታ እንደ ከረሜላ ስትጠባ ደረስኩባት። ክው አልኩ። አባትህ «ብቻውን አይተኩስም» አለኝ። «ጠመንጃውም ብቻውን አይተኩስም፤ ታዲያ ለምን ትቆልፍበታለህ?» አልኩት።

በማግስቱ ከብየዳ ቤት የብረት ሳጥን አሠርቶ መጣ። ከየኪሱና ከየመሳቢያው ለቃቅመን በየዓይነቱ ለየናቸው፤ የዛጉትን ለፖሊስ አስረከበ። ሳጥኑ ከጠመንጃው ርቆ ደረቅ ቦታ ተቀምጧል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። «የግምጃ ቤት ሹሟ» እያለ ይቀልድብኛል።

በሄድክበት ደግ ሰው ይግጠምህ። ድሮ ከአባትህ ጋር ታድን ነበርና፣ ክፍልህ ውስጥ የረሳኸው ጥይት ካለ ደውለህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም። ልጅቷ አሁን እዚያ ነው የምትተኛው።

እናትህ