የተውሶ ዝሆን

ጥር 4

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠረጴዛው፣ ስልኩ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያነጣው የቀጭኔ ፖስተር። ጠዋት ሙሽሮች መጡ። ሰባት ቀን አራዊት፣ አራት ቀን ባህር ዳርቻ። ወደ ጉዞ ወኪል ቢሮ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ መፍራት፣ ከዚያ መተኛት።

"አንቺ ራስሽ አይተሽዋል?" አለኝ ሙሽራው።

"እንዴ! ሁለት ጊዜ!"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ። ከዚያ የዝሆኗን ታሪክ አወራሁላቸው። ፈረሙ።

ዝሆኗ አሳፍራኝ አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን፤ እረፍት እንኳ ጠይቃ አታውቅም። እኔስ የት ድረስ ሄጃለሁ? አክስቴ ቤት ድረስ። በአውቶቡስ። ያውም አስመለሰኝ።

ጥር 9

አንዲት ሴትዮ መጡ። ሰባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ። "አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ዓለም ሳስገባ ኖሬ፣ ዓለምን ራሴ አላየኋትም" አሉ።

ወደድኳቸው። ዝሆኗን ሳልቆጥብ አወጣሁላቸው። ግራ ጆሮዋ እንደ ተቀደደ ቅጠል። መኪናችን ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እኔ አፌ ውስጥ ብስኩት ነበር... አላኘክሁት፣ አልዋጥሁት። እስክትሄድ ድረስ እዚያው ሟሟ።

ሳቁ። ከዚያ መሐረብ አወጡ። "እስቲ እንደገና" አሉ። እንደገና አወራሁ።

"ብስኩቱ ምን ዓይነት ነበር?"

"የዝንጅብል።"

ምንም ሳይፈርሙ ወጡ። ምን አጠፋሁ? ሾፌሩ ላይ አበዛሁ ይሆን?

ጥር 12

ተመለሱ። ለሁለት ሰው አስመዘገቡ። ብዕሬን አንስቼ፣ "ሁለተኛው ተጓዥ ማን ልበል?" አልኳቸው።

"አንቺ ነሻ!"

ሳቅሁ። አልሳቁም። አለቃዬ ከመስታወት ክፍሉ እየሮጠ ወጣ። ሆቴሎቹ በየዓመቱ ለወኪል አንድ ነፃ አልጋ ይሰጣሉ፤ ሁልጊዜ የሚሄደው እሱ ነው። "ዘንድሮ አንቺ ሂጂ፤ አገሩን ታውቂዋለሽ!" አለ። እጁን እያፋተገ።

ስቀጠር የሞላሁት ቅጽ ትዝ አለኝ። "የጎበኘሻቸው አገሮች" የሚል መስመር ነበረው። መስመሩ አልበቃኝም ነበር።

ጥር 13

ፓስፖርት የለኝም።

ጥር 15

ለባለቤቴ ነገርኩት። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ በደነገጠ ቁጥር ቀኝ እግሩ ሶፋው ሥር ፍሬን ይረግጣል። ዛሬም ረገጠ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ከአክስትሽ ቤት አልፈሽ አታውቂም እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ባልዲ ሲሞላ የምትደነግጪ ሴት፣ ባህር!"

"ሳቅ አንተ።"

"እውነቱን ንገሪያቸውና ተገላገይ።"

ተገላገይ... ለአዋላጅ! ሥራዬስ? አለቃዬ አምና "ጥርሴን አሞኝ ነው" ብሎ የቀረውን ገንዘብ ያዥ፣ አፉን አስከፍቶ አይቶ ነው ያሰናበተው። የእኔን አፍ ቢያስከፍት ምን ያገኛል? ዝሆን።

ጥር 17

አንድ ነገር ዛሬ ገባኝ። ያን ብስኩት ሳወራ ጣዕሙ ምላሴ ላይ ይመጣል። የዝንጅብል ብስኩት ግን በልቼ አላውቅም። መቼ ነው የእኔ የሆነው? መጀመሪያ "አንዲት ደንበኛችን" እል ነበር። ከዚያ "አንዲት የማውቃት"... ከዚያ እኔ። ማንም አላስቆመኝም። እኔም አልቆምኩም።

ጥር 20

ለዕቅዱ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። "እማማ በይኝ" አሉ። ንጹሕ ሳሎን፣ ዝም ያለ። ካርታውን ዘርግቼ በእርሳስ መስመር ሳብኩ። ሦስት ቀን ሜዳው ላይ፣ ሁለት ቀን ወንዙ ዳር፣ ሁለት ቀን ጫካው ውስጥ፣ ከዚያ በትንሿ አውሮፕላን ወደ ባህር። መነጽር፣ የወባ ኪኒን። "ሰማያዊ ልብስ አይያዙ፤ የሚነድፍ ዝንብ ይስባል" አልኳቸው። እንደ ሊቅ። ሁሉንም ጻፉ።

"ዝሆኗ ምን ምን ትሸታለች?" አሉ ድንገት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንን የጠየቀኝ የለም። 

"ነፋሱ... በሌላ በኩል ነበር።"

"ምጤ አልጀመረም" ብላ የምትክድ ሴት የሚያዩ ይመስል አዩኝ።

ጥር 24

ፓስፖርት ቢሮ። ሰልፍ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል፣ "አሮጌው?" አለ።

"የለም።"

"ጠፋ?"

"ኖሮኝ አያውቅም።"

እንዴት ቀላል ነው! ለማላውቀው ሰው። ፎቶው ላይ የተያዘ ሌባ እመስላለሁ። ታዲያ ምን ልምሰል?

ጥር 28

ለመታመም ሞከርኩ። ቀኑን ሙሉ ሳልኩ። አለቃዬ፣ "አይዞሽ፣ የባህር አየር ያሽርሻል" አለኝ።

የካቲት 2

ነገርኳቸው።

ካርታውን ላስተካክል ብዬ ነበር የሄድኩት። በሳህን ብስኩት አቀረቡ። የዝንጅብል። አንዱን አነሣሁ፣ መለስኩት።

"እማማ፣ እኔ የትም ሄጄ አላውቅም" አልኩ። ለብስኩቱ።

"ዝሆኗስ?"

"የሰው ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት ደንበኛ ከጉዞ ተመልሳ ቢሮ መጣች። ሻንጣዋ ጠፍቶባት ልትጠይቅ። ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፋ ስታወራልኝ ሻንጣውን ረሳችው።"

"ራሷ ላይ ምን አድርጋ ነበር?"

"አረንጓዴ ኮፍያ። ሰፊ። ላባ ያለው።"

ተነሡ። ከውስጥ ኮፍያውን ይዘው መጡ። ላባው ወልቋል።

ታናሽ እህታቸው ናት። አምና አረፈች።

"እሷ የሄደችበትን ጉዞ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት" አሉ። "አፌን ሳልከፍት አንቺ ከነብስኩቷ አመጣሻት። ብስኩቱን እኔ ረስቼው ነበር።"

"ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አሉኝ?"

"ብናገር ማውራቱን ታቆሚያለሻ!"

ሁለታችንም ኮፍያውን አየን።

"ሌባ ነሽ" አሉ። ቀልድ አልነበረበትም። ቆይተው፣ "ግን አላጎደልሽባትም" አሉ።

አለቀስኩ ብዬ ልጻፍ? አፍንጫዬ ነው የፈሰሰው።

"ሌላስ ምን ብላሽ ነበር?"

አስታወስኩ። ባህሩ። ፈርታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች። እስከ ጉልበቷ ብቻ። ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ደንበኛ ያስሸሻል።

"ፈርታ?" አሉ እማማ። "በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ ብላኝ እኮ ነው! አንድ ዓመት ሙሉ ስትኮራብኝ!" እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ እንባው ብቻ ቀረ።

"ትሄጃለሽ" አሉ ዓይናቸውን ጠርገው። "እዚያው ቦታው ላይ ቆመሽ ትነግሪኛለሽ።"

የካቲት 4

ለአለቃዬም ነገርኩ። "ጋሼ፣ የትም ሄጄ አላውቅም።" ቅጹን ከፋይል አወጣ። አነበበ። አገላብጦ አነበበ።

"ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ ማን ነው የሸጠው?"

"የደንበኛ ዝሆን።"

አፌን ያስከፍተኛል ብዬ ጠበቅሁ። 

"ሂጂ" አለ። "ስትመለሺ ውሸቱ ይቀንሳል። ወንበሩ ላይ ትቀመጪ አትቀመጪ ያኔ እንነጋገራለን።" አዲስ ቅጽ ሰጠኝ።

መጋቢት 8

ድንኳን ውስጥ። ከሰዓት በኋላ። አንገቴ አብጧል። ሰማያዊ ሻሽ ይዤ የመጣሁት ማን ሆኜ ነው? የአገሩ ዝንብ ሁሉ እኔ ላይ ነው። እማማ ከደብተራቸው የራሴን ምክር አነበቡልኝ።

ዝሆን አየሁ። ከኋላ። ወደ ቁጥቋጦው ገብታ ስትሄድ... ጆሮዋ የተቀደደ ይሁን ሙሉ፣ አልታየኝም። ሽታዋ ግን መጣ። የረጠበ ጆንያ፣ የታጨደ ሣር፣ ትንሽ ደግሞ የባለቤቴ መኪና ውስጥ የሚሸተው።

"ጻፊው" አሉ እማማ።

መጋቢት 13

ባህር። ከነጫማችን ገባን። እሳቸው ኮፍያውን አድርገው። እስከ ጉልበት። እህታቸው የነገረችኝን ሁሉ እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው፤ አልጨመርኩም። እጃቸው ጠንካራ ነው። "ተንፍሺ" አሉኝ። "እየተነፈስኩ ነው።" "አልተነፈስሽም፣ እኔን ነው የምታታልዪው?" ተነፈስኩ። ማዕበሉ መጥቶ ፊቴን መታኝ።

ዓይንን በጨው መታጠብ ለካ ያቃጥላል።

መጋቢት 20

ወንበሬ ላይ ነኝ። እስካሁን። ቅጹን ሞልቼ ሰጠሁ። መስመሩ ተረፈኝ፤ "አንድ አገር። አንድ ጊዜ።" አለቃዬ አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ይህ ምን ማለት ነው? አልጠየቅሁም።

ከምሳ በኋላ አንድ አባትና ሴት ልጁ መጡ። አራዊትና ባህር።

"ራስሽ አይተሻል?" አለ አባትየው።

"ዝሆኗን ከኋላዋ" አልኩ። "ከፊት ለፊቷ ያያት ሰው ሌላ ነው። የአንዲት አዋላጅ እህት። አረንጓዴ ኮፍያ ነበራት።" አወራሁላቸው። ብስኩቱ ጋ ስደርስ "አፌ ውስጥ" ልል ነበር... ምላስ ይለምዳል። "አፏ ውስጥ" አልኩ።

አባትየው ሰዓቱን አየ። "እስቲ እናስብበት" ብሎ ተነሣ። አለቃዬ በመስታወቱ ያየናል። እግሬ ጠረጴዛው ሥር ፍሬን ፈለገ።

ልጅቷ አልተነሣችም።

"ምን ምን ትሸታለች?" አለች።

"ይህ የእኔ ነው" አልኳት፣ ወንበሬን ወደ እሷ እየሳብኩ። አባትየውም ተመልሶ ተቀመጠ።