እናታችን በአንድ ዓይን

አዲስ አበባ ላለኸው ወንድሜ መሐሪ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን፤ በርበሬው ደርሶ ለቀማ ላይ ነን።

የላክኸው የእማዬ ሥዕል ቡሬ ደርሷል። ተናድጃለሁ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየህ ያደግህ ልጅ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና ክፉ ሰው መሆኑን ረሳኸው? የእናትህን ፊት ወደ ጎን አዙረህ አንድ ዓይኗን ብቻ አሳየህ። እሷን ጥግ ላይ አሳንሰህ የቀረውን ሸራ በጥቁር ሰማያዊ ሞላኸው። ብርሃኑንም ከጀርባዋ አምጥተህ ፊቷን አጨለምኸው። ጎረቤት አይቶ "ነፍስ ይማር" ሊል ምንም አልቀረው።

እሷ ዘንድሮ አረንጓዴውን በርበሬ ከቀዩ ጋር ቀላቅላ ነው የምትለቅመው፤ እኔ ከኋላ እየተከተልሁ እለያለሁ። ፈትሉንም "ሰለቸኝ" ብላ ትታዋለች።

ሥዕሉን ልደብቀው ስል ቀደመችኝ። ደጅ ፀሐይ ላይ አውጥታ በመዳፏ ዳሰሰችውና "ልጄ ይባረክ፤ ሁለቱንም ዓይኖቼን አሳምሮ ሣላቸው" አለች።  

ለገና አልልህም፤ ይህ እንደደረሰህ ቀለምህን ጥለህ ተሳፈር። መንገዱን ሰላም ያድርግልህ። ስትደርስ ታዲያ ዝም ብለህ ፊቷ እንዳትቆም፤ ከደጅ ጀምረህ ድምፅህን አሰማት።

እህትህ ሲሳይነሽ