መጋዘን ውስጥ የተመዘዙት ችግኞች

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ያምሻል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ሰሞኑን ከቦታው የለም።

የምሠራበት ችግኝ ጣቢያ ጣሪያው መስታወት እንደሆነ ነግሬሽ ነበር። በረዶ ዘንቦ አደቀቀው። አሠሪዬም የቲማቲም ችግኞቹን በሙሉ መጋዘን አስገባቸው። መጋዘኑ ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነው ያለችው። ጥቂት ቀን እንደቆዩ ችግኞቹ ወደ ላይ ተመዘዙ። አሠሪዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እሰይ! እንዴት አደጉልኝ!» አለ። እኔ ግን ቀርቤ አየኋቸው። ቅጠላቸው ገርጥቷል፣ ግንዳቸው እንደ ክር ቀጥኗል፣ ሁሉም አንገታቸውን ወደዚያች መስኮት አስግገዋል። እድገት አልነበረም፣ እማዬ፤ ብርሃን ፍለጋ ነው። ያላቸውን አቅም ሁሉ ቁመት ላይ ጨርሰውት ለሥርና ለቅጠል የሚተርፍ አጡ።

«ጨለማው ነው፤ ቶሎ እናውጣቸው» ብዬ ስነግረው፣ «ረዘሙ ብለሽ ልታለቅሺ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ግማሾቹ ተዘርረው አገኘናቸው። ያኔ ሳቁ ጠፋ። «ችግኞቹን ያዘዘው ገበሬ አልገዛም ካለኝ አንቺም ጓዝሽን ሸክፊ» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ በዚህ ሥራ ላይ እንደተንጠለጠለ ታውቂያለሽ። ከጣቢያው የጭነት መኪና ሾፌር ጋር አወጣናቸው። ፀሐይ በድንገት ብታገኛቸው ታቃጥላቸዋለች ብዬ መጀመሪያ ጥላ ሥር አቆየኋቸው። ከዚያ የተረፉትን እስከ አንገታቸው አፈር አለበስኳቸው፤ ቲማቲም የተቀበረው ግንዱም ሥር ያወጣል። ስንቱ ሞተ መሰለሽ! የቀሩት ግን አጠር ጠንከር ያለ አዲስ ቅጠል ጀመሩ።

ከትናንት ወዲያ ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። አሠሪዬ እየሮጠ መጥቶ፣ «ወደ መጋዘን መልሷቸው!» ብሎ ጮኸ። የመጋዘኑ በር ላይ ቆምኩ። «አላስገባም፤ እዚያ ገብተው ከሚሞቱ እዚሁ በረዶው ይምታቸው» አልኩት። ሾፌሩ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አሠሪዬ አፍጥጦ አየኝ፤ አበቃልኝ ብዬ ነበር። ሄደና ነጭ ላስቲክ ተሸክሞ ተመለሰ። ሦስታችንም ችግኞቹ ላይ ወጠርነው። ደግነቱ ዝናብ ብቻ ሆኖ አለፈ።

ገበሬው ዛሬ ጠዋት መጥቶ የተረፉትን ገዛ። አሠሪዬ ግን እስካሁን አላናገረኝም። ኮቴውን በሰማሁ ቁጥር የሥራዬ መጨረሻ የመጣ ይመስለኛል።

ለአባዬ ስታነቢለት የመባረሩን ነገር ዝለይው፤ እንቅልፍ ያጣል። ጉልበቱን ሳሚልኝ። ወንድሜን ናፍቀኸኛል በይልኝ፤ የታናሿን እህቴን ጉንጭ ንከሺልኝ፤ አክስቴንም እንዳልረሳኋት ንገሪያት። አንቺን ግን አልዋሽሽም፦ አሁንም ፈርቻለሁ፣ እማዬ። ያን ቀንም ፈርቼ ነበር፤ ከበሩ ግን አልተነሳሁም።

ልጅሽ
ከችግኝ ጣቢያው፣ ግንቦት ፱ ቀን